የኢንጂነሩ መልስ

ኢንጂነሩ መሞቱን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነበር። በሕይወት እንዳለ የሚያውቀው ግን ባለልኳንዳው ብቻ ነበር።

ሚስቱ አስባበት ያደረገችው ነገር አልነበረም። ኢንጂነሩ ሲታመም ለሕክምና ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ወሰዱት፤ እዚያው አረፈ፣ እዚያው ከእናቱ ጎን ተቀበረ። ልጇ «እኔ ጋ ክረሚ» ብላ ብትለምናትም እምቢ አለችና ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጥቁር አልለበሰችም። ኢንጂነሩ ጥቁር ልብስ አይወድላትም ነበር፤ በዚህ ዘመዶቹ አኩርፈዋታል። በተመለሰች ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘንቢሏን አንስታ ልኳንዳ ቤት ሄደች። ልትነግረው ነበር። ምን ብላ እንደምትጀምር መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ነው የደረሰችው።

ባለልኳንዳው ግን አፏን እስክትከፍት አልጠበቃትም።

«እትዬ፣ ምነው ጠፋችሁ? አገር ለቀው ሄዱ ብዬ ነበር እኮ።»

«ወንድሙ ጋ ነበርን።»

«ያ ነገረኛስ? ለምን ብቻዎን መጡ?»

ቢላዋውን እየሳለ ነበር የሚጠይቃት። ነገሩን ያበላሸው ፊቱ ላይ ያየችው ደስታ ነው። «ደህና ነው» አለች። ከዚያ ዝም ማለት ስላቃታት ጨመረችበት፤ «እግሩን አሞታል። ደረጃ መውረድ ከብዶታል።»

«ደረጃው ነው ወይስ ሚዛኔን ማየት ፈርቶ?»

ሳቀች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበርና ራሷን አስደነገጣት። ሥጋውን ተቀብላ ወጣች፤ ቤቷ ደርሳ ዘንቢሉን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። የሚቀጥለው ቅዳሜ እነግረዋለሁ አለች።

ድሮ ቢሆን ይህ ነገር ተደብቆ አያድርም ነበር። ድሮ በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲያስነጥስ ዳቦ ቤት ይሰማል፤ መድኃኒት ቤት ሳይደርስ ልብስ ሰፊው «ይማርህ» ይለዋል። ዳቦ ጋጋሪዋ ለአትክልት ሻጩ ትነግራለች፣ አትክልት ሻጩ ለጫማ ሠሪው፣ ጫማ ሠሪው ለአላፊ አግዳሚው። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ንግድ ፈቃድ የሚቸረቸር ዕቃ ወሬ ብቻ ነው ይል ነበር ኢንጂነሩ። አሁን ዳቦ ቤቱ ጥፍር ማስዋቢያ ሆኗል። ልብስ ሰፊው አርፎ ልጆቹ ቤቱን ለሞባይል ሽፋን ሻጭ አከራይተውታል። አትክልት ቤቱ ውርርድ ቤት ነው፤ ቲማቲም ተደርድሮበት በነበረው ቦታ ጎረምሶች አንገታቸውን አቅንተው ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ። ጫማ ሠሪው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በየሱቁ የሚቆሙት ልጆች ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፤ ጨዋዎች ናቸው፣ የሰው ጉዳይ አይጠይቁም። እሷ በምትኖርበት ሕንፃም ቢሆን የድሮዎቹ ጎረቤቶች ወይ ሞተዋል ወይ ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል። እናም የኢንጂነሩ ሞት ከቤቷ በር እስከ ልኳንዳ ቤቱ ያለችውን አጭር መንገድ የሚያሻግረው ሰው አጥቶ ቀረ።

ባለልኳንዳው ደንበኛ ሲገባ «ስንት ኪሎ?» ብሎ አያውቅም። «ማን ነው የሚበላው?» ነው የሚለው። ጥርሷ ያለቀ አማት ትሁን፣ የሚከበር እንግዳ ይሁን፣ ምግብ አልበላም ብሎ ያስቸገረ ሕፃን ይሁን፣ መልሱን ሲሰማ ቢላዋው ራሱ ቦታውን ያገኘዋል። የኢንጂነሩ ድርሻ ቅልጥም ነበር። ባለልኳንዳው በመጋዝ ቀጥ አድርጎ አይቆርጠውም፤ ቀጭን ማንኪያ እስከ ታች ድረስ እንድትገባ ሰያፍ ያደርግለታል። በዚህ አቆራረጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ኢንጂነሩ «የማዕዘን ትምህርት ነው፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ይላል። ባለልኳንዳው ደግሞ «ከእኔ ሰርቆ ድልድይ ሠራበት፤ ለዚህ ነው ድልድዮቹ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድሉት» ይላል።

እሷ ቅልጥም አትወድም። በየቅዳሜው ይዛው ትመጣና ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ፍሪዘሩ ሲሞላ ደረጃ ለምትጠርገው ሴት «ተርፎን ነው» ብላ ትሰጣታለች።

መልእክት መላላኩ የተጀመረው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ባለልኳንዳው ጥቅሉን እያቀበላት «ይንገሩት፤ ሚዛኑን አስተካክያለሁ፣ አሁን የሚያጋድለው ወደ እሱ ነው» አላት። እሺ ብላ ሄደች። ሳምንት ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቃት እሱን ነው።

«እሺ፣ ምን አለ?»

«ሚዛኑ ሲስተካከል ሥጋው አነሰ ብሏል።»

ባለልኳንዳው ቢላዋውን አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ እስኪበቃው ሳቀ። «እሱ ነው» አለ። «እሱ ራሱ ነው።»

እሱ ራሱ ነበርም። አብራው ኖራ ኖራ ቀልዱን ገና ሳይጀምረው ታውቀው ነበር፤ እንዲያውም ሰልችቷት «ይህን ሰምቼዋለሁ» እያለች አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን ሳምንቱን ሁሉ የምትፈልገው ያንኑ የሰለቻትን ነው። ዕቃ ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ የባለልኳንዳውን ነገር ይዛ ትዞራለች። ዐርብ አካባቢ መልሱ ይመጣላታል። ድምፁም አብሮ ይመጣል፤ ተናግሮ ሳይጨርስ የሚያመልጠው ያ ሳቁ እንኳ ሳይቀር። ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ሻርፕ መርጣ፣ መልእክት እንዳለባት ሰው ፈጠን ፈጠን እያለች ትወርዳለች።

የቀረውን ቀን ሁሉ የምትበላው ከሱፐርማርኬት ነው። የድሮው ሲኒማ ቤት ፈርሶ ነው የተከፈተው፤ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፣ ሁልጊዜ የሚበራ ቤት። እዚያ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ እሷም የምትወደው ለዚህ ነው። የበሰለ ምግብ በፕላስቲክ ሳህን ታሽጎ፣ ላዩ ላይ «ለአንድ ሰው» ተብሎ ተጽፎበት ይሸጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበች ዕለት መልሳ አስቀምጣው፣ ዘይትና ሳሙና ብቻ ገዝታ ወጥታ ነበር። ኋላ ለመደችው። ሽፋኑን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጋ ታሞቀዋለች፣ ሳትቀመጥ ትበላዋለች። ሩዙም ዓሣውም ዶሮውም ጣዕማቸው አንድ ነው፤ ይህም አልከፋትም። የጣመ ምግብ «ይጣፍጣል» የሚሉት ሰው ይፈልጋል። ሒሳብ ተቀባይዋ «ከረጢት ይፈልጋሉ?» ትላታለች፤ «አልፈልግም» ትላለች። ከዚህ ሌላ ቃል ሳይወጣት የሚመሽ ቀን ነበር።

ሱፐርማርኬት ስትገባ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ልኳንዳ ቤት ስትገባ ባለትዳር። ይህን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ሱፐርማርኬቱ ሥጋ መሸጥ ሊጀምር ሲል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ልኳንዳ ቤት ድረስ መጣ። ባለልኳንዳውን የሥጋ ክፍሉ ኃላፊ ማድረግ ፈልጎ ነው። ቢላዎቹን ይዞ እንዲመጣ፣ እንደለመደው እንዲቆርጥ፣ ከፈለገም ወጣት እንዲያሠለጥን። ባለልኳንዳው ይህን በነገራት ቅዳሜ አልቀለደም።

«ይጠይቁልኝ፣ እትዬ። ዘግቼ ልግባላቸው ወይስ ልቆይ? እሱ ያለኝን አደርጋለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምሰማው ሰው እሱ ብቻ ነው። በቀልድ እንዳይመልስልኝ ደግሞ ይንገሩት።»

መልሱን ለማወቅ ሳምንት አላስፈለጋትም፤ ከሱቁ ሳትወጣ ታውቀው ነበር። ኢንጂነሩ በሥራ ዘመኑ አንድ ድልድይ አዘግቷል። ከተማው ሁሉ የሚወደው፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ድልድይ ነበር፤ እሱ ግን ውኃ መሠረቱን እንደበላው አይቷል። ሰው ሲረግመው «ወደዳችሁት እንጂ እሱ መች ወደዳችሁ» ብሎ የዘጋበትን ሰንሰለት ቁልፍ ይዞ ሄደ። ለባለልኳንዳውም የሚለው ይህንኑ ነው። ዝጋ። ቢላዋህን ጠቅልለህ ግባ፤ ሥጋ እዚያም ሥጋ ነው። ደግሞ ሳያመነታ ነው የሚለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልኳንዳ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ከመንጠቆዎቹ የሚበዙት ባዶ ነበሩ። የሥጋ መክተፊያው ግንድ መሐሉ ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ይህ በር ሲዘጋ «ምን አለ?» የሚላት ሰው በዓለም ላይ አይኖርም።

«ምን አለ?» አላት ባለልኳንዳው።

«አትዝጋ ብሏል።»

«እንዲሁ በደፈናው?»

«አትዝጋ ብሏል። ሰው የለመደው በር ሲጠፋበት መንገዱም ይጠፋበታል ብሏል።»

ባለልኳንዳው መሬት መሬት አየ። «ይህን እሱ አለ?»

«አለ።»

«አርጅቷል ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ ግን ደስ ብሎታል። በዚያው ሰሞን ለሥራ አስኪያጁ እምቢታውን ነገረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማንም ሊገምተው የሚችል ነው። ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ ሲወጣ ሥጋውንም ጨምሮ ይወጣል፤ ለአንድ ጥቅል ሥጋ ብሎ መንገድ የሚሻገር የለም። ባለልኳንዳው በሬ ሙሉ ማስገባት ትቶ በግማሽ፣ ከግማሽ ወደ እግር ወረደ። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥ ጀመር፤ ድሮ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረውም። እሷ በየቅዳሜው መልስ ታመጣለች። መልሶቹም እየጣሙ ሄደዋል፤ ኢንጂነሩ በሕይወቱ እንዲህ ተጫዋች ሆኖ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱፐርማርኬት ውስጥ አየችው። ያለ ሽርጡ፣ በኮት ነበርና መጀመሪያ አልለየችውም። የሥጋ ክፍሉ ፊት ቆሞ በፕላስቲክ የታሸገ ጥቅል አገላብጦ ያያል። ከመስታወቱ ጀርባ የወረቀት ቆብ ያደረገ ጎልማሳ በማሽን አጥንት ይቆርጣል። ዞር ብላ ልትሄድ ስትል ቀና አለ።

«ሰያፍ አይደለም» አላት ጥቅሉን እያሳያት። «ይዩት። ቀጥ አድርገው ነው የሚቆርጡት። ከዚህ ውስጥ በምን ማንኪያ ይወጣል?» ከዚያ በራሱ ሳቀ። «ደግሞ ሌባ እንደያዙ ሰው አይዩኝ። ለስለላ ነው የመጣሁት።»

«አላየሁዎትም» አለች እየሣቀች፣ ቅርጫቷን ወደ ኋላዋ እየገፋች። ግን ዓይኑ ቀድሟታል። ሳህኖቹ ተደራርበው ነበር፤ ጽሑፋቸውም ትልቅ ነው።

«ለአንድ ሰው» ብሎ አነበበ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ኢንጂነር መብላት አቆመ እንዴ?»

«አንዳንድ ቀን አይበላም።»

«ቅልጥሙንስ?»

«ቅልጥሙን ይበላል።»

ረጅም ጊዜ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ በአገጩ ወደ መስታወቱ አመለከተ። «ያ ቦታ የእኔ ነበር» አለ። «እሱ አትዝጋ ባይለኝ እዚያ ነበርኩ። አይንገሩት ግን፤ ይከፋዋል። ለእኔ አስቦ ነው።»

እሷ የቅርጫቷን እጀታ አጥብቃ ያዘች።

«የፊታችን ቅዳሜ እዘጋለሁ» አለ። «አከራዬ ሱቁን ለሌላ ሰጥቶታል። ልጄ ጋ ነው የምሄደው። ምራቴ የልጆቹን ክፍል በመጋረጃ ከፍላ አልጋ ዘርግታልኛለች፣ ደህና ልጅ ናት። ቢላዎቹን ግን እንዳያመጡ ብላለች። ልጆች አሉ። ልክ ናት።»

እሷ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች።

«እንግዲህ እሱ መውረድ ካቃተው እኔ እወጣለሁ። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ቅልጥሙን በእጄ አመጣለታለሁ።»

«ጉልበትዎ አይችልም፣ ጋሼ። አራተኛ ፎቅ ነው።»

«በየፎቁ እያረፍኩ እወጣለኋ። ፊት ለፊት ሳልሰድበው ከዚህ ከተማ አልወጣም።»

ዐርብ ዕለት ልጇ ደወለች። እናቷ ገና «ሃሎ» ስትል ነገር እንዳለ አወቀችባት። «እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለቻት። እናትየዋም ነገረቻት፤ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር። ልጅቷ ጨርሳ እስክትሰማ አላቋረጠቻትም።

«ከእኔ ጋር ስሙን እንኳ አታነሺም» አለች በመጨረሻ። «አባዬ ስል ወሬ ትቀይሪያለሽ። ከሥጋ ሻጭ ጋር ግን ስለ እሱ ስታወሪ ከረምሽ።»

«አንቺ ጋ ሞቷል፣ ልጄ። እሱ ጋ አልሞተም ነበር።»

ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ እንደ አባቷ መላ ወደ መፈለግ ገባች። «እሺ፣ ወንድሙ ጋ ሄዷል በይው። ሰውየው ነገ ከነገ ወዲያ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ አትገናኙም። ምን አስጨነቀሽ? ይዞት ይሂድ።»

ስልኩን ዘግታ ይህን አሰበችው። በሌላ ከተማ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ «ያ ነገረኛ ዛሬ ምን እያለ ይሆን?» ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ምን ትፈልጋለች? አንዲት ተጨማሪ ውሸት ብቻ ነበረች የምትበቃት፤ ያውም ትንሽ። ነገር ግን ያ ሽማግሌ ደግሞ «እሱ አትዝጋ ባይለኝ» ይላል። በየቀኑ ይላል። ይቅር ብሎት ይላል። ኢንጂነሩ ደግሞ በሕይወቱ ሊወድቅ ያለ ነገር ላይ ሰው ቆሞ እንዲቀር አድርጎ አያውቅም። በሕይወት እንዲቆይላት ያላለውን ቃል ተሸክሞ መቆየት አለበት። ከዚያ ቃል እንዲጸዳላት ደግሞ መሞት አለበት።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት በሩን ከፍታ ቆመች። ከታች የእግር ድምፅ ሰማች፤ ሁለት ሦስት ደረጃ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ያን ሁሉ ደረጃ ለባዶ ክፍል ሲወጣ መስማት አልቻለችም። ወረደች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብረቱን ይዞ ሲያርፍ ደረሰችበት። ፀጉሩን ተስተካክሏል። ኮቱ ተተኩሷል። ጥቅሉን በብብቱ ይዟል።

«ለምን ወረዱ፣ እትዬ? ልጨርሰው እኮ ነው።»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«ላይ እቀመጣለሁ።»

«ላይ ማንም የለም።»

ቀና ብሎ አያት። «ሆስፒታል ገባ?»

«ሞቷል» አለች። ቃሉን ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ለሰው ተናግራው አታውቅም፤ ደረጃው ደግሞ ያስተጋባል።

ባለልኳንዳው በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ትናንት ማታ ነው?»

«ያኔ ነው። ወንድሙ ጋ የሄድን ጊዜ። ዓመት አልፎታል።»

አልገባውም፤ ወይም የገባው ቀስ በቀስ ነው። ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ሚዛኑ ሲስተካከል ሥጋው አነሰ ያለኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሬ ከሸጥክልኝ በሬው ራሱ ይመስክር ያለውስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ጠየቃት፤ ሌባ ገብቶበት የሄደ ሰው ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞረ የቀረውንና የተወሰደውን እንደሚያይ። አንዳንዱን መልስ እሷ ረስታው ነበር፤ እሱ ግን ይዞታል። በመጨረሻ ያልጠየቃት አንድ ቀረ። ወዴት እንደደረሰ አወቀች፤ እስኪጠይቃት አልጠበቀችም።

«አትዝጋ ያልኩዎትም እኔ ነኝ። እሱ ቢሆን ዝጋ ነበር የሚልዎት። ቢላዋህን ጠቅልለህ ግባ ነበር የሚልዎት። አውቀው ነበር፤ እያወቅሁ ነው። እርስዎ ከዘጉ ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም ብዬ ነው።»

ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ባለልኳንዳው እጆቹን አየ።

«ገርሞኝ ነበር» አለ። «እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር እሱ አይናገርም። አርጅቷል አልኩ እንጂ።»

ከዚያ አለቀሰ። ለሱቁ እንዳልሆነ ታውቃለች። «አልቀበርኩትም እኮ» አለ። «ሰው ቀብሮት፣ ሰው አልቅሶለት፣ እኔ በየቅዳሜው ስሰድበው ከረምኩ።»

«ስድብዎን ይወደው ነበር።»

«የቱን? የሰማውን ነው ወይስ ያልሰማውን?»

አጠገቡ፣ ከእሱ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። እንዴት እንደሞተ ጠየቃት፤ ነገረችው። ለልጇም ያልነገረችውን ነገረችው። በሽታው እንዴት እንደጀመረው፣ ድምፁ ከመቼ ጀምሮ እንደቀጠነ፣ እጁ እጇ ውስጥ እንዴት እንደቀለለ። የሆስፒታሉ መስኮት የሚያሳየው ግቢውን ነበር። በግቢው ቦይ ላይ እግረኛ የሚሻገርባት አንዲት ትንሽ ድልድይ ነበረች፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች። ኢንጂነሩ በመጨረሻው ቀን ትራሱን ከፍ አስደርጎ አያት።

«ማን ነው የሠራት አለኝ። እንጃ አልኩት። ባለልኳንዳው ይሆናል አለ። መጋዙን ታውቂዋለሽ፣ ሰያፍ ናት አለ። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ነገር የለም።»

ይህን ለማንም አልሰጠችም ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ የፈጠራ መልስ ስታመላልስ፣ እውነተኛው እሷ ጋ ተቀምጦ ከረመ፤ ከሰጠችው የምትናገረው ያልቅባታል ብላ ፈርታ ነበር።

ባለልኳንዳው በእንባው መሐል ፈገግ ሊል ሲል አየችው። ከዚያ ፈገግታው ቆመ። ፊቷን ትክ ብሎ አየ፤ ሥጋ ሲመርጥ እንደሚያየው አየ።

«ይህኛው የእሱ ነው» አለ፣ «ወይስ የእርስዎ?»

«የእሱ ነው፣ ጋሼ። በልጄ ይዤዎታለሁ። ይህኛው የእሱ ነው።»

ሊያምናት ፈለገ። ሲፈልግ አየችው። ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ነቀነቀ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለ። «ከእንግዲህ በምን አውቃለሁ?»

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ብረቱን ተደግፎ ተነሣ፤ ልትደግፈው እጇን ስትሰድ «ይተዉት፣ ይተዉት» አላት። ጥቅሉን የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው አይቶት መልሶ ብብቱ ውስጥ አስገባው። «እግዜር ያጽናዎት» አላት። እሷም ያንኑ መለሰችለት፤ ለእሱም ይገባው ነበርና።

መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ከበደው። እሷ ባለችበት ብረቱን ይዛ ቆማ ትሰማለች። አንድ ፎቅ ወረደና አረፈ። በር ተከፈተ፤ በቅርብ የገባችው ተከራይ ናት፣ ድምጿን እንጂ መልኳን በደንብ አታውቀውም።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው? ውኃ ላምጣልዎት?»

«አይ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ለቅሶ ደርሼ ነው።»

«እዚህ? ማን ሞቶ?»

«ጓደኛዬ።»

«ውይ፣ አልሰማንም እኮ። መቼ ነው?»

ባለልኳንዳው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ።

«ዛሬ» አለ።